ሰባት ፎቅ ጓሮ

በፀሐይ ላይ ክፉ መናገር አልወድም፤ እሷም የተላከችበትን ነው የምትሠራው። ግን እስኪ ፍረዱኝ። የምኖርበት ከተማ ስሙ አርባ ምንጭ ነው። ከአርባው ምንጭ አንዱ እንኳ ተሳስቶ ወደ እኔ ሰፈር አልመጣም። ቤቴ ከተማው ዳር፣ ከአፈር ይልቅ ድንጋይ በበዛበት ተዳፋት ላይ ነው። ጓሮ ቆሜ ቁልቁል ስመለከት ዓባያ ሐይቅ ተንጣሎ ይታየኛል፤ ቤት ገብቼ ቧንቧ ስከፍት ግን የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ውኃ እያየ የሚጠማ ሰው ጠባዩ ይበላሻል። የእኔን ጠባይ የምታውቁ ሰዎች ይህንን አስባችሁ ይቅር እንድትሉኝ እጠይቃለሁ።

ሥራዬ የጂኦግራፊ መምህርነት ነው። ክፍል ገብቼ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልኩ ካርታው ላይ በእንጨት ስጠቁም፣ ዝናብን በስሙ ጠርቼ የማስመጣ እመስላለሁ። ተማሪዎቼ ያምኑኛል። ችግሩ ጎመን አያምነኝም። ለካ ስለ አፈር ማስተማርና አፈር ውስጥ አንድ ነገር ማስበቀል የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ይህንን የሚነግረኝ ሰው ቀደም ብዬ ባገኝ ኖሮ ብዙ ጀሪካን ከመሸከም እድን ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። የማወራችሁ ስለ እናቴ ነው። እናቴ የኦቾሎ ሰው ናት። ኦቾሎ ከተራራ ጀርባ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው፤ እዚያ ጨው ለመበደር እንኳ ወይ መውጣት ወይ መውረድ የግድ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እዚያ ብቻዋን ከእንሰቷ ጋር ትኖር ነበር። የቀረኋት ልጅ እኔ ነኝ፤ እኔም ዕድሜዬ ከአርባ አልፎ ሚስት አላገባሁም። ይህ ደግሞ ሌላ ወግ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች በየሳምንቱ ይጸልዩበታል። አንድ ቀን እናቴ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ዳር ተቀመጠችና መነሳት አቃታት። የመንደሩ ወጣቶች በቃሬዛ ተሸክመው አውርደው መኪና ላይ ጫኗት። እኔ ሆስፒታል በር ላይ ተቀበልኳት።

ሐኪሙ የደረቷን ራጅ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና፣ “እማማ፣ ልብዎ ሰፍቷል” አላት።

የእናቴ አማርኛ ገበያ ላይ የተለቀመ አማርኛ ነው፤ ወንድና ሴት እንደ ቀኑ ይለዋወጡበታል። “ልቤ ድሮም ሰፊ ናት” አለችው። “ባሌን ያን ሁሉ ዘመን በምን ቻልኩት ትያለሽ?”

ሐኪሙ “ትያለሽ” መባሉን ችሎ፣ መድኃኒቷን ጻፈ። ጨው የለም፣ ዳገት የለም፣ በየወሩ እየመጡ መታየት አለ። ወደ ደጋው መመለስ ግን አይሆንም፤ ቢብስባት ሆስፒታል የሚያደርሳት አይኖርም አለን። ስንወጣ እናቴ በጋሞኛ ጠየቀችኝ። “ዳገት ከሌለ የእኔ አገር የት አለች?”

እኔ ቤት ወሰድኳት። የእኔ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ጊዜው ታኅሣሥ ነበር፤ ከዚያ እስከ ዝናቡ ድረስ በእኛ ሰፈር ውሾች እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ ሲሄዱ ይሮጣሉ። እናቴ ነጠላዋን ውኃ ነክራ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ መሬት ላይ ትተኛለች። “እንቁላል ነኝ እንዴ?” ትለኛለች። “እዚህ የምታስቀምጠኝ ምን ሊፈለፈል ነው?” ማለዳ ማለዳ ጸሎቷን ስትጨርስ ጨርቋን ቋጥራ በር ላይ ትቀመጣለች።

“ወዴት ነው እማዬ?”

“ወደ ቤቴ።”

“ሐኪሙስ?”

“ሐኪሙ እዚሁ ይቆየኝ። ደህና ልጅ ናት።”

እኔ እየለመንኩ አስገባታለሁ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ስቃችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም፤ ጎረቤቶቼም ይስቁ ነበር። እኔ ግን ያን የቃሬዛ መንገድ አስበዋለሁ። ከዚያ ተራራ ላይ ደረቷን ይዛ ስትወድቅ፣ ሰው እስኪሰበሰብ፣ መኪና እስኪገኝ ሳስብ ክፍል ውስጥ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር ይጠፋብኛል። እናቴን መቅበር ፈርቼ ነበር፤ ሌላ ምንም አይደለም።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤታችን ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪ አስመረጠ። በእኛ ትምህርት ቤት የሚመረጠው ከስብሰባው የቀረ ሰው ነው፤ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ሥልጠና ላኩኝ። አዳራሽ ውስጥ ምሳ አበሉን፣ ኮፍያ ሰጡን፣ በመካከሉም ስለ “የምግብ ደን” አስተማሩን። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በደረቅ መሬት ላይ የሚበሉ ተክሎችን አንዱን ከአንዱ በላይ አድርገህ ትተክላለህ። ረጅሙ ዛፍ ለአጭሩ ጥላ ይሆናል፣ አጭሩ ለቁጥቋጦው፣ ከሥር ጎመን፣ መሬቱን የሚያለብስ ስኳር ድንች፣ ከመሬት በታች ጎደሬ፣ በሁሉም ላይ የሚወጣ ሐረግ። ባለ ሰባት ፎቅ ነው አሉን። አንዴ ከያዘ እርጥበቱን ራሱ ይጠብቃል፣ ቦታውንም ያቀዘቅዛል። “ያቀዘቅዛል” የሚለውን ስሰማ ኮፍያዬን አወለቅሁ።

ቤት ደርሼ፣ “እማዬ፣ ኦቾሎን እዚህ አመጣልሻለሁ” አልኳት። ድንጋዩን ጓሮ በመስኮት አየችና ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። እኔ ሳቋን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። “እስኪይዝ ድረስ አትሂጂብኝ። እስኪይዝ ብቻ።”

“እሺ” አለች እየሳቀች። “እስኪይዝ።”

ከያዘማ ጥላ ይኖራታል፣ እንሰት ይኖራታል፣ ምን ልትፈልግ ትሄዳለች? እንዲህ ነበር ሒሳቤ። ጂኦግራፊ እንጂ ሒሳብ ያላስተማርኩት በምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስለ ጓሮዬ ማውራቴ ነበር። “ሰባት ፎቅ ነው የሚሆነው፤ ለእናቴ ነው” አልኩ፤ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ወሬ በባጃጅ ነው የሚሄድባት። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ደላላ በሬን አንኳክቶ፣ ለምድር ቤቱ የፋርማሲ ተከራይ እንዳለው ነገረኝ። ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ ከካምባ ደወለ። አስር ዓመት ሙሉ ደውሎልኝ የማያውቅ ሰው ስለ ጤንነቴ አጥብቆ ጠየቀና፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ስለተመደበች ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል እንድይዝላት ለመነኝ። “አራተኛው ከሆነም ግድ የለም፤ ወጣት ናት፤ ትወጣለች” አለ።

ከዚያ ደንብ አስከባሪዎቹ መጡ፤ ሁለት ናቸው።

“መምህር፣ የግንባታ ፈቃድ አለዎት?”

“ለምኑ?”

“ለሰባት ፎቁ።”

“ሰባት ፎቁ እኮ ተክል ነው። የላይኛው ማንጎ ነው።”

ተያዩ። “ምድር ቤቱስ?”

“ጎደሬ።”

ትልቁ ሰውዬ ጓሮውን ዞሮ አየ። የተቆፈረ ነገር ሲፈልግ ሁለት የተጫጫሩ ቦታዎችና የእኔን ዶማ አገኘ። “ለማንኛውም ብሎኬት ከማስገባትዎ በፊት ያሳውቁን” ብሎኝ ሄደ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስንተኛው ላይ እንደደረስኩ ይጠይቀኛል።

ያሳዘነችኝ እናቴ ናት። ወሬውን ከጸሎት ጓደኞቿ ሰምታ ዝም ብላ ከርማ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ አስቀመጠችኝና እጄን ያዘችው። “ልጄ፣ ጌታ ይባርክህ። ግን እኔ ደረጃ አልወጣም። ሐኪሙ ዳገት ከልክሎኛል። ከታች አንድ ክፍል ብትሰጠኝ ይበቃኛል።” ቀልድ አልነበረም፤ ስንት ቀን ስታስብበት እንደቆየች ፊቷ ይናገር ነበር። ነገሩን ሳስረዳት እፍረቷን በቁጣ ሸፈነችው። “እንግዲያው ጓሮ አትልም? ለጓሮ ፎቅ ምን ያደርግለታል?”

ቁፋሮ ጀመርኩ። ዶማው ድንጋዩን ሲመታ ይጮኻል፤ ድንጋዩ ግን ምንም አይሆንም። ጎረቤቴ ጋሽ ማርቆስ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ ፍየል ያረባሉ፤ አጥር ላይ ተደግፈው የሰው ሥራ ማየት ይወዳሉ። “ቲቸር፣ ምነው፣ መቃብር ነው እንዴ የምትቆፍረው?” አሉኝ። ለሳቅ ነበር። እኔ ግን ዶማውን ጥዬ ቤት ገባሁ። በኋላ ነገሩ ገብቷቸው ይቅርታ ሊጠይቁኝ መጡ፤ አንድ ጆንያ የፍየል ፍግም ይዘው መጡ። ፍጉን ተቀበልኩ።

ተከልኩ። ማንጎ ተከልኩ፣ ፓፓያ፣ ሙዝ፣ የርግብ አተር፣ እናንተ ሽፈራው የምትሉትን እኛ ሀለኮ የምንለውን ተከልኩ። አክስቴ ከኦቾሎ የእንሰት ችግኝ በአይሱዙ ላከችልኝ። ሥልጠናው ላይ መሬቱን በገለባ ሸፍኑ፣ እርጥበት ይይዛል ብለውን ስለነበር የበቆሎ አገዳ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ አለበስኩት። ያንን ግብዣ የሰሙ የሰፈሩ ምስጦች በሙሉ መጡ። መጀመሪያ አገዳውን በሉ፤ ከዚያ የችግኙን ሥር፣ ከዚያ የአጥሩን እንጨት፣ በመጨረሻ ግድግዳ ያስደገፍኩትን የዶማዬን እጀታ። ምስጥ አጥሩን ስለጣለው የጋሽ ማርቆስ ፍየሎች ገቡና ምስጥ ያስቀረውን ሀለኮ ጨረሱ። አንድም ነገር እንዳይባክን ሁሉም ተባብረው ነበር።

እናቴ ይህን ጊዜ በሩ ላይ ነበረች። ተነስታ አጥሩ ድረስ ሄደችና ጋሽ ማርቆስን ጮክ ብላ ጠራቻቸው። “አንቺ! ፍየልሽን እሰሪ! ልጄ ለእኔ ነው እንጂ ለፍየልሽ አልተከለም!”

ጋሽ ማርቆስ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው “አንቺ” ሲባሉ የመጀመሪያቸው ነበር። ፍየሎቹን አሰሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በርጩማዋን ወደ ጓሮ አወጣች። እኔ ዕውቀት መጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ የእሷም ዕውቀት የደጋ ነው። ደጋ ላይ እንሰት እርጥብ ፍግ ይወዳል፤ እሷም እርጥብ ፍግ ሥሩ ላይ አስከመረችኝ፤ በዚያ ሙቀት ፍጉ ችግኙን አቃጠለው። ጎመኑን ሠርክ አታጠጣው፣ ይንቃል አለችኝ፤ ናቀና ሞተ። እኔም በበኩሌ መጽሐፍ አንብቤ ቲማቲሙን ወደ ምዕራብ ፀሐይ ተከልኩት፤ ቆሞ ደረቀ። የመምህር ዕውቀትና የደጋ ዕውቀት ተጋግዘን ያንን ጓሮ ገደልነው። ማታ ራት ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንከራከራለን፤ እሷ “ዛሬ የገደልከው አንተ ነህ፤ የትናንትናው የእኔ ነው” ትላለች። በዚህ ጉዳይ ፍትሐዊ ነበረች።

ከእንሰቶቹ የተረፈው አንዱ ነበር። እሱን ለማዳን ጃንጥላዬን ሥሩ ላይ ተክዬ አሰርኩለት። እኔ ራሴ በዚያ ፀሐይ ባዶ ራሴን ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ እንሰቱ ጃንጥላ ይዞ ይቆማል። አላፊ አግዳሚው “እንደምን አደሩ” እያለ ሰላምታ ይሰጠው ጀመር።

አሁን ውኃ። የዕቃ እጣቢ አጠጣን፣ የልብስ እጣቢ አጠጣን። እኔ ገላዬን ማንጎው ሥር ቆሜ መታጠብ ጀመርኩ፤ በፈረቃ፤ አንድ ቀን ማንጎ፣ አንድ ቀን ፓፓያ። ይህም አልበቃም። ቤተ ክርስቲያናችን የጥምቀት ገንዳ አላት። አንድ እሑድ አዳዲስ አማኞች ተጠምቀው ሲወጡ፣ ዘመዶቻቸው እያለቀሱ ሲያቅፏቸው፣ ምእመኑ ሃሌሉያ ሲል፣ የእኔ ዓይን ገንዳው ላይ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝና በልቤ ስንት ጀሪካን እንደሚወጣው እገምት ነበር። ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹን ጠየቅኳቸው። ጉዳዩ ለስብሰባ ቀረበ። አንደኛው ሽማግሌ፣ ኃጢአት የተራገፈበት ውኃ ለሚበላ ነገር ይሆናል ወይ አሉ። ሌላኛው፣ ኃጢአት የሚታጠበው በደም ነው እንጂ በውኃ አይደለም፤ ስለዚህ ውኃው ንጹሕ ነው ብለው ተነሱ። ክርክሩ የእኔን ጎመን ትቶ ሮሜ መልእክት ውስጥ ገባ። በመጨረሻ መጋቢው፣ “ወንድማችን ይውሰድ፤ ሳሙና ከሚያጠጣው ይሄ ይሻላል” ብለው ገላገሉን።

በባጃጅ ጭኜ ስመጣ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። “የከተማውን ኃጢአት በሙሉ በጎመን አድርገህ ልታበላኝ ነው?” አለች። ቢሆንም መልሰህ ውሰደው አላለችም፤ በእያንዳንዱ ጀሪካን ላይ እጇን ጭና ጸለየችበት። የአንዳንዱ ጀሪካን ጸሎት ከሌላው ይረዝም ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማለዳ ጨርቋን ቋጥራ በር ላይ መቀመጧን ትታ ነበር። መቼ እንደተወችው አላስተዋልኩም። በየወሩ ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሙ እግሯን ይጫንና፣ እብጠቱ ጠፍቷል፣ ትንፋሻቸው ጥሩ ነው ይለኛል። “ምን እያደረጉ ነው እማማ?” ሲላት፣ “ልጄን እየጠበቅኩ ነው” ትለዋለች። ከሥራ እስክመለስ እንደምትጠብቀኝ ማለቷ መስሎኝ ነበር። ማታ ማታ ተንበርክኬ ጌታን የማመሰግነው ስለ መድኃኒቱ ነበር። ጓሮው ግን ቶሎ ያዝ ብዬ እጨቀጭቀዋለሁ፤ ካልያዘ አንድ ማለዳ ጨርቋን ቋጥራ ትሄድብኛለች ብዬ።

የሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ዝናቡ በደህና መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላደረግኩትም። ፍየል የጨረሰው ሀለኮ ከሥሩ አቆጠቆጠ። የርግብ አተሩ አጥሩን አልፎ የጋሽ ማርቆስን ግቢ ማየት ጀመረ። ስኳር ድንቹ ድንጋዩን አለበሰው፤ ምስጡም ከሥሩ ሌላ የሚበላው አግኝቶ መሰለኝ ተክሉን ተወ። ሙዙ ሲሰፋ እንሰቱ ጥላ አገኘና ጃንጥላዬን መለሰልኝ። ፓፓያው አፈራ። በአንድ ጎኑ የሚያቃጥል ፀሐይ ቆሞ፣ ገባ ስትሉ ሌላ አየር ነበር። እየጨፈርኩ ሄጄ እናቴን ጠራኋት፤ ወንበር አውጥቼ ፓፓያው ሥር አስቀመጥኳት።

ተቀመጠች። ቀና ብላ አየች፤ ቅጠሎቹን፣ ፍሬውን፣ ሐረጉን። የእንሰቱን ቅጠል በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው። “ጌታ ይመስገን” አለች። “ያዘ።”

“ያዘ እማዬ!”

“እንግዲህ ልሂድ።”

መጀመሪያ ወደ ቤት ለመግባት መስሎኝ እጄን ዘረጋሁላት። ወደ ኦቾሎ ነው ያለችው።

“ምን ማለት ነው? ይኸው ጥላ! ይኸው እንሰት!”

“አየሁ። ያማረ ነው።”

“ገና ነው እማዬ፤ ማንጎው አላፈራም።”

“ማንጎው ሲያፈራ ደግሞ አቮካዶ ትላለህ።”

“ምስጡ ተመልሷል፤ ትናንት አይቻለሁ።” ይህ ውሸት ነበር፤ አውቃ ሳቀች።

“ስማኝ ልጄ” አለችኝ። “ያን ጊዜ ጨርቄን ቋጥሬ በር ላይ ስቀመጥ መኪና እስኪመጣ አንተን አይህ ነበር። ድንጋይ ትቆፍራለህ። ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ። ‘ይበቃሃል፣ ግባ፣ ብላ’ የሚልህ ሰው የለህም። ይሄን ልጅ በዚህ ፀሐይ ላይ ጥዬው እንዴት እሄዳለሁ ብዬ ጨርቄን ፈታሁ። በማግሥቱም እንደዚያው። የተከልከው ሲሞት አንድ ወር እጨምራለሁ፤ ሌላው ሲሞት አንድ ወር። አሁን ጌታ ሰማኝ። የምትበላው አለህ፣ የምታርፍበት አለህ። እኔ ደግሞ ቤቴን ልይ።”

ስኳር ድንቹ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ እንድትቆይልኝ ብዬ ያን ሁሉ ጊዜ ጓሮው እንዲይዝ ለመንኩ፤ ያቆየልኝ ግን አለመያዙ ነበር። የጸለይነው አንድ ጓሮ ላይ ነው፤ የለመንነው ግን ለየብቻ ነው።

ሐኪሙ ተቆጣ። እናቴ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ፣ “አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ጌታ ይባርክሽ” አለችውና ወጣች። መድኃኒቷን በብዛት ገዝቼ አዘጋጀሁላት፤ ወጣቶቹን ቃሬዛውን በቅርብ እንዲያስቀምጡ ለመንኳቸው። ኦቾሎ ስንደርስ ጉም ነበር። ከመኪና ወርዳ አየሩን ሳበችና እንሰቷ መካከል ገብታ ጠፋችብኝ፤ ድምፅዋ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ጋር ሰላምታ ትለዋወጣለች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም ነበር። ተናድጄ ወረድኩ።

በስልክ በየቀኑ እንገናኛለን። “ጓሮህ እንዴት ነው?” ትለኛለች፤ “እግርሽ አብጧል ወይ?” እላታለሁ፤ ሁለታችንም ጥያቄውን አንመልስም። ለመስቀል ወጥቼ ከጓሮው የደረሰውን ሁሉ ላመጣላትና በጎረቤቶቿ ፊት ልኮራ ተስማምተን ነበር። ቅርጫት ገዛሁ። መስቀል ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ ፓፓያ እያወረድኩ ሳለሁ፣ አክስቴ ደወለች። ገና ስሜን ስትጠራ አወቅሁ። ጠዋት ጎመኗን ለመቁረጥ ወጥታ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ አገኟት። ቃሬዛው አላስፈለገም።

ቅርጫቱን ምን እንደማደርገው አላወቅኩምና ይዤው ወጣሁ። ለቀስተኛው በላው። በልተው ሲጨርሱ፣ “ይሄ የማን ፍሬ ነው?” አሉ፤ “ልጇ ለእሷ የተከለው ነው” አለቻቸው አክስቴ፤ እንደገና ለቅሶ ሆነ።

በአገሯ፣ በቤቷ፣ ሳትሰቃይ ሞተች እያሉ አጽናኑኝ። እውነት ነው። እኔ ግን አንድ ክረምት እፈልግ ነበር። አንድ ክረምት፣ አንድ በጋ፤ ቢቻል ከዚያም በኋላ አንድ ዓመት። ፓፓያው አንድ ዓመት ቢዘገይ፣ ፍየሎቹ አንዴ ተጨማሪ ቢገቡ ኖሮ አገኘው ነበር። ፍየሎቹን ያሰርኩት እኔ አይደለሁም፤ ግን አጥሩን መልሼ ያጠርኩት እኔ ነኝ።

ስመለስ ጓሮውን ማጠጣት ተውኩ። ቂም ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ታኅሣሥ መጣ፣ ጥር መጣ፤ ፀሐይዋ ሥራዋን ጀመረች። እጣቢውን መንገድ ላይ እደፋለሁ። ጋሽ ማርቆስ አጥር ላይ ተደግፈው፣ “ቲቸር፣ ምነው ውኃ አታጠጣም?” ሲሉኝ፣ “ይረፍ ብዬ ነው” እላቸዋለሁ።  አንዳንድ ቀን ፍየሎቼን ልልቀቅልህ ወይ ብለው እንዲጠይቁኝ እመኛለሁ።

እስኪደርቅ ጠበቅኩት። ጥቂት ቅጠል ጣለ፤ የጣለው ቅጠል መሬቱን ሸፈነው፤ መሬቱ ከሥሩ እርጥበቱን ያዘ። ሥልጠናው ላይ የነገሩን ሁሉ አንድም ሳይቀር ሆነ። ያን ያህል ለምኜው አልኖር ያለ ጓሮ፣ አሁን አልሞት አለኝ።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን፣ ከተማው በሙሉ በሙቀት ራሱን ሲያዞረው፣ ከትምህርት ቤት መጥቼ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ወንበር ይዤ ገባሁ፤ ሙዙና እንሰቱ መካከል ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ላቤ ደረቀ፤ ቆየት ብሎ ክንዴን ብርድ ብርድ አለኝ። እናቴ እዚያ ብትቀመጥ ኖሮ ገና ሳይቆይ፣ “ልጄ፣ በረደኝ፣ ጋቢ አምጣልኝ” ትል ነበር።